ጠርሙሱ ለምን ያፈሳል? የክዳን ችግርና መፍትሄው

ቅቤ የሚያነጥር፣ አዋዜ የሚያዘጋጅ፣ ማር በኪሎ የሚገዛ ቤት ሁሉ የጠርሙስ ክምችት አለው። ማርማላታው ሲያልቅ ጠርሙሱ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ለሌላ ነገር ይቀመጣል። ያነሰው ደግሞ ምናለሽ ተራ ወርዶ ይገዛል። ጠርሙስ ካልተሰበረ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ክዳን ግን እንደዛ አይደለም።

ሲያፈስ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጠበቅ ማድረግ። አሁንም ካፈሰ በጨርቅ ይዞ እስኪንቋቋ መጠምዘዝ። ይሄ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል። አየር የሚዘጋው ጥርሱ አይደለም። የጥርሱ ሥራ ክዳኑን ወደ ታች መሳብ ብቻ ነው። የሚዘጋው የጠርሙሱ ከንፈር ክዳኑ ውስጥ ካለው ለስላሳ ጎሚኒ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ክብ መስመር ነው። እዛ መስመር ላይ ክፍተት ካለ የክንድ ጉልበት አይደፍነውም። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚጠመጥሙም አይቻለሁ። ቴፍሎን ለቧንቧ ነው። እዚህ ምንም አይሠራም።

መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጉ

ባዶውን ጠርሙስ ክደኑት። ሳፋ ውስጥ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ አድርጉና ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ አጥልቃችሁ ያዙት። ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል። መውጫ ካገኘ አረፋ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር የሚፈናጠሩት ጥቂት አረፋዎች ጥርሶቹ መሀል ተይዞ የቆየ አየር ስለሆኑ አትቁጠሯቸው። የምትፈልጉት ከአንድ ቦታ እየተከታተለ የሚወጣውን ነው።

ቦታውን ስታገኙ ክዳኑም ጠርሙሱም ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ በሌላ አቅጣጫ አስጀምራችሁ ዝጉትና እንደገና አጥልቁት። የማርማላታ ዓይነት የቆርቆሮ ክዳን ብዙ ጥርስ ስላለው ከተለያየ ቦታ መጀመር ይቻላል። አረፋው ከክዳኑ ምልክት ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። የጠርሙሱ ምልክት ጋ ከቀረ ደግሞ የጠርሙሱ ነው። ክዳኑ እንደ ውሃ ፕላስቲክ ከአንድ ቦታ ብቻ የሚጀምር ከሆነ በሌላ ክዳን ቀይራችሁ ሞክሩ።

አረፋው ከአንድ ነጥብ ብቻ ሲወጣ

በአብዛኛው ቆሻሻ ነው። በርበሬ ወይም ሽሮ ሲገለበጥ ከንፈሩ ላይ ብናኝ ይቀራል። ክዳኑ ሲጠብቅ ብናኙ ጎሚኒው ውስጥ ይሰምጥና ከጎንና ከጎኑ በዓይን የማይታይ ቦይ ይተዋል። ማር ደግሞ ከንፈሩ ላይ ደርቆ ስኳር ይሠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመክደናችሁ በፊት ከንፈሩን በእርጥብ ንጹህ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጥረጉ። ጎሚኒውንም በጣት ዳብሱት፤ የተቀበረ ነገር ካለ ይቆረቁራል።

ተጠርጎም ካልዳነ ጥፍራችሁን ከንፈሩ ላይ ዙሪያውን አስኪዱ። ቅንጣት የምታክል ሽርፍም ብትሆን ጥፍር ይይዛታል። የተሸረፈ ከንፈር ጥገና የለውም። በአሸዋ ወረቀት ልፈግፍገው የሚል ሀሳብ ከመጣባችሁ ተዉት፤ የብርጭቆ ብናኝ ከምግብ ጋር አይቀለድበትም። ጠርሙሱ የልብስ ቁልፍና መርፌ ይያዝ።

አረፋው ዙሪያውን ሲወጣ

ጎሚኒው አልቋል። ክዳኑን ገልብጣችሁ ብርሃን ላይ እዩት። የድሮው ከንፈር ያተመው ጥልቅ ክብ መስመር ካለ፣ ወይም ጎሚኒው በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ ደረቅ ከሆነ፣ አዲሱን ጠርሙስ አይቀበልም። በተለይ ክዳኑ የሌላ ጠርሙስ ከነበረ መስመሮቹ አይገጥሙም። ለጊዜው ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብታቆዩት ጎሚኒው ይለሰልሳል። ወዲያው አድርቃችሁ ስትዘጉት በመጠኑ ይይዛል። ዘላቂው መፍትሄ ግን ክዳን መቀየር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፌስታል ሳላነሳ አላልፍም። አፉ ላይ ፌስታል ዘርግቶ መክደን የማያውቅ ቤት የለም። ይሠራል ወይ? ጎሚኒው ለወደቀበት የፕላስቲክ ክዳን፣ ለደረቅ ነገር፣ አንድ ድርብ ብቻ ወጥሮ ለዘረጋው ሰው ትንሽ ይረዳል። ፌስታሉ ሲጨማደድ ግን እያንዳንዱ መጨማደድ የአየር መግቢያ ይሆናል። ብዙ ስናነባብር የባሰ የሚያፈሰው ለዚህ ነው። ለሙቅና ቅባት ላለው ምግብ ደግሞ ጨርሶ አይሁን። ከካላማዳሪ ጎሚኒ ቀዶ መሥራትም የተለመደ ነው። አየሩን ሊይዝ ይችላል፤ ሽታው ማሩ ውስጥ ሲገባ ግን ታዝናላችሁ። ለምግብ የተሠራ ጎማም አይደለም።

ክዳኑ ሲዞር ውሎ አልጠብቅ ሲል

ወይ ልኩ አይደለም ወይ ተጣሟል። የቆርቆሮ ክዳኖች በዓይን አንድ ይመስላሉ። 63 እና 66 ሚሊሜትር አጠገብ ለአጠገብ ካልተቀመጡ አይለዩም። 66ቱ በ63ቱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጥርሱ ግን በደንብ ስለማይነክስ ትንሽ ሲጫኑት ዘሎ ያልፋል። ክዳን ለመግዛት ስትሄዱ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።

መጣመሙን ለማወቅ ክዳኑን በአፉ መስተዋት ላይ አስቀምጡ። ቢወዛወዝ ጠሟል። ጥፋተኛው ቢላዋ ነው። አልከፈት ያለ ክዳን ሥር ቢላዋ ሰቅስቆ ማንሳት ጠርዙን ያጣምማል። በምትኩ ክዳኑን ሙቅ ውሃ ውስጥ ደፍታችሁ ቆዩ።

ትናንት ጠብቆ ዛሬ ሲላላ

ይሄ የፕላስቲክ ክዳን ጠባይ ነው። ፕላስቲኩም ጎሚኒውም ሲጨመቁ ቀስ እያሉ ቦታቸውን ይለቃሉ። በማግስቱ አንዴ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። ሙቅ ተሞልቶ የተዘጋ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ግን እንዳታደርጉት። ከቀዘቀዘ በኋላ መንካት የያዘውን ያስለቅቀዋል።

ቅቤና ዘይት ያለበት ሲያንጠባጥብ

ቅባት ሁለት ነገር ያደርጋል። ጥርሱን አለስልሶ ክዳኑን ያንሸራትታል፣ ተራ ጎማን ደግሞ ያሳብጠዋል። ክዳኑ በሽቦ የሚቆለፍ ጠርሙስ ላይ ያለች ቀይ ወይም ነጭ ጎማ ቅቤ ከያዘች ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፍታ ከቦታዋ ስትወጣ ታያላችሁ። ለቅቤ የሲልከን ጎማ ምረጡ። ንጥር ቅቤ እስከ አፍ ድረስ አይሞላ፤ ቀልጦ ሲሰፋ ክዳኑን ይገፋዋልና ሁለት ጣት ያህል ቦታ ይኑረው።

ክዳኑ ሆዱን ሲነፋ

እዚህ ጋ አታጥብቁ። ከውስጥ የሚገፋ ጋዝ አለ ማለት ነው። ጥያቄው ጋዙ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ጠጅ ከሆነ መፍላቱን አልጨረሰም። አየር በማያስወጣ ክዳን የተዘጋ ያልበሰለ ጠጅ ጠርሙሱን ሊፈነዳው ይችላል፤ ስብርባሪው ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ፎጣ ጣል አድርጋችሁበት ቀስ ብላችሁ አስተንፍሱት፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አቆዩት። ማር ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ማር እርጥበት ከአየር ይስባል፤ የውሃው መጠን ከ20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ መፍላት ይጀምራል። እንግዲህ ለማር ጥሩ ክዳን ቅንጦት አይደለም።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት፣ የተቀቀለ አትክልት ወይም ሥጋ ነክ ነገር ሆኖ ክዳኑ ካበጠ ግን ሳትቀምሱ ጣሉት። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚወደው አየር የሌለበትን፣ አሲድ ያልበዛበትን ቦታ ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ክዳኑ ሳያብጥም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና በጥቂት ቀን ይለቅ። በቤት ማሰሮ ማፍላት ይሄን ባክቴሪያ አይገድለውም፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ሙቅ ተሞልቶ መሀሉ አልሰምጥ ሲል

ማርማላታ ወይም የቲማቲም ስጎ እንደፈላ ተሞልቶ ሲዘጋ፣ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ መሀል ላይ ያለችው ጉብታ ጧ ብላ ትሰምጣለች። ካልሰመጠች ወይ ምግቡ በርዶ ነበር፣ ወይ ከንፈሩ ቆሽሿል፣ ወይ ጎሚኒው አልቋል። አንድ ጊዜ ያገለገለ ክዳን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ካልሰመጠ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ ቶሎ ተጠቀሙበት።

ቆርኪና ባለ ሽቦ

ቆርኪ አንዴ ከተከፈተ ዳግመኛ አይዘጋም። 21ዱ ጥርሶች ተዘርግተዋል፤ በመዶሻ ቢመቱትም ጋዙ ይወጣል። አዲስ ቆርኪና መክደኛ ማሽን ያስፈልገዋል። ባለ ሽቦው ከላላ መጀመሪያ ጎማውን ገልብጡት። እሱ ካልረዳ በአዲስ ቀይሩት።

ሻንጣ ውስጥ የሚያፈሰው

ለውጭ አገር ዘመድ ቅቤና አዋዜ የሚልክ ሁሉ የሚያሳብበው በአውሮፕላኑ ላይ ነው፤ «ከፍታው ነው ያፈነዳው» ይላል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሻንጣ ይሄ ብዙም አያስኬድም። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በአብዛኛው ከ2,400 ሜትር ከፍታ በታች እንዳለው ዓይነት ይደረጋል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ዋሽንግተን ሲያርፍ ደግሞ የውጪው አየር ከብዶ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። አዲስ አበባ ላይ የተዘጋ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እዛ ሲደርስ ተጨማዶ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ከፍታው የሚያስቸግረው ከባህር ጠለል አካባቢ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ጠርሙስ ነው።

ከአዲስ አበባ የሄደው የሚያፈሰው ቅቤው መንገድ ላይ ስለሚቀልጥና ሻንጣው ሲወረወር ክዳኑ ስለሚላላ ነው። ቅቤውን ከመላካችሁ በፊት ፍሪጅ ውስጥ አጠንክሩት። ከንፈሩን ጥረጉ፣ ዝጉ፣ በማግስቱ ክዳኑ ፕላስቲክ ከሆነ አንዴ ጠበቅ አድርጉ። ክዳኑና አንገቱ ላይ ክዳኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ፕላስተር ጠምጥሙ፤ ፕላስተሩ አየር አይዘጋም፣ ክዳኑ እንዳይዞር ብቻ ይይዛል። ከዚያ በወፍራም ፌስታል ቋጥራችሁ ልብስ መሀል ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።