የአፍተር ስኩል ሠራተኞች የልጆችን ጭንቀት እንዲያዩና እንዲረዱ እንዴት እናሠልጥናቸው?

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው ሰፈሮች፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ወላጅ ከሥራ እስኪመጣ የሚቆዩባቸው ፕሮግራሞች አሉ። አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ አንዳንዱ በኮሚኒቲ ማእከል፤ አንዳንዱ እዚያው ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ። የሚያስጠኑት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ መምህራንና ጊዜ ያላቸው ወላጆች ናቸው። ክፍልፋይ ማስረዳት ያውቁበታል። አንዲት ልጅ ደብተሯ ላይ ተደፍታ «ምንም አልሆንኩም» ስትላቸው ምን እንደሚሉ ግን ማንም አላሳያቸውም።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል ሲዲሲ በ2023 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከአሥሩ አራቱ የማይለቅ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ እንዳለባቸው ተናገሩ። ከአምስቱ አንዱ ራሱን ስለ ማጥፋት የምር አስቧል። ሃያ ልጅ ባለበት አዳራሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስሉት።

ይህን የምጽፈው ፕሮግራሙን ለምትመሩት ነው። ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው በስላይድ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የበሽታ ስም ይደረደራል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ሰዉ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰኞ ልጅቷ ስታለቅስ ያ ሁሉ ስም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከሠራተኛው አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ነው። ስለዚህ ከሥልጠናው ጊዜ ቢያንስ ግማሹን ለመናገር ልምምድ ስጡት።

1. ከሥልጠናው በፊት አንዲት ወረቀት አዘጋጁ

ሠራተኛው ነገሩን ለማን እንደሚያደርስ ሳያውቅ «ልጆቹን አስተውሉ» ማለት ጭንቀቱን ወደ እሱ ማዞር ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። አስተባባሪው ማን ነው፣ እሱ ከሌለስ ምክትሉ ማን ነው፣ የእጅ ስልካቸው ስንት ነው። ልጆቹ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ካውንስለሮች (የተማሪ አማካሪዎች) ስምና ስልክ። በግዛታችሁ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስልክ። 911። እና 988።

988 ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ የቀውስ ጊዜ መስመር ነው። ቀንም ሌሊትም ይመልሳል፤ ነፃ ነው። ሠራተኛውም ስለ ልጁ ምክር ለመጠየቅ መደወል ይችላል። በቴክስት የሚያገለግለው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። በስልክ ሲሆን ግን አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን ለወላጆችም ንገሯቸው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። አንዱ አስጠኚ ከአንድ ልጅ ጋር ወጣ ሲል የቀሩትን ስምንት ልጆች ማን ይይዛቸዋል? ይህ ካልተወሰነ ማንም አይነሳም። የሚያወሩበትን ቦታም አስቀድማችሁ ምረጡ። ጸጥ ያለ፣ ግን በሩ ክፍት የሆነና ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ትልቅ ሰውና ልጅ ብቻቸውን በር ዘግተው አይቀመጡም። ይህ ለሁለቱም ጥበቃ ነው።

ሕጉንም በአጭሩ አስረዱ። በሜሪላንድ ማንኛውም ሰው ልጅ ይበደላል ብሎ ከጠረጠረ ማሳወቅ አለበት። በቨርጂኒያ ልጆችን በሚይዝ ድርጅት ውስጥ ያለ 18 ዓመት የሞላው ሰው ግዴታ አለበት፤ ከ24 ሰዓት ማለፍም የለበትም። መጠርጠር ይበቃል፤ ማስረጃ መፈለግ የሠራተኛው ሥራ አይደለም።

2. የሥራቸውን ድንበር ንገሯቸው

አስጠኚው ሐኪም አይደለም። «ዲፕሬሽን አለበት»፣ «ባይፖላር ሳይሆን አይቀርም» ማለት የለበትም። የሚጽፈውም የሚናገረውም ያየውን ነው። «ተጨንቋል» ከማለት «ከሁለት ሳምንት ወዲህ መክሰሱን ሳይነካ ይመልሳል፤ ኳስ ጨዋታም ትቷል» ይበል። ካውንስለሩ የሚሠራበት ይሄንን ነው።

ሁለተኛው ድንበር ምስጢር ነው። ልጅ «ለማንም አትናገር» ብሎ ይጀምራል። አዎ ካላችሁ በኋላ የሚመጣውን አታውቁም። መልሱን ሁሉም በቃሉ ይያዘው፦ «ያልሽኝን ለጓደኞችሽ አላወራም። ግን አደጋ ላይ ያለሽ ከመሰለኝ፣ ሊረዳን ለሚችል ሰው እነግራለሁ። ለማን እንደምነግር ለአንቺ እነግርሻለሁ።»

3. ምን እንደሚያዩ አሳዩአቸው

የተለመዱት ምልክቶች ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ውጤት መውደቅ፣ ቁጣ፣ የሚወዱትን ዕቃ ለሰው ማደል። ዋናው ነገር ለውጡ ነው። ድሮም ዝምተኛ የነበረ ልጅ ዝም ማለቱ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ ልጅ ዝም ማለቱ ነው የሚያስጨንቀው።

የኛ ልጆች ላይ ግን የሚጨመር አለ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አዲስ አበባ አያት ያሳደገችው ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ እዚህ ይመጣል። በስልክ ብቻ የሚያውቃትን እናቱን ኤርፖርት ላይ ያቅፋል። ሁሉም «ታድለህ!» ይለዋል። አያቱ እንደናፈቀችው፣ ከእናቱ ጋር ምን እንደሚያወራ ግራ እንደገባው ለማን ይናገር? ሌላዋ ደግሞ እዚሁ የተወለደች ናት። የቤት ኪራይ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ቢል፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ የምታስተረጉመው እሷ ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና የቤቱን ዕዳ ታውቃለች። በዚያ ላይ የአገር ቤት ወሬ አለ። ወላጅ ሌሊት በስልክ ሲያለቅስ ልጅ ይሰማል።

ይህ ሁሉ «ተጨንቄያለሁ» ተብሎ አይመጣም። «ሆዴን አመመኝ» ተብሎ ነው የሚመጣው። «ራሴን» ይላል። ሽንት ቤት ገብቶ ይቆያል። ሕመሙን አታጣጥሉ፤ ሐኪም ማየትም ይኖርበታል። ግን በየማክሰኞው የሚመጣ የሆድ ሕመም ካለ ማክሰኞ ምን እንዳለ ጠይቁ።

ደግሞ ወጥመዱ ጨዋው ልጅ ነው። አይረብሽም፣ አይጠይቅም፣ ታናናሾቹን ይይዛል። እናመሰግነዋለን፣ እናልፈዋለን። ይህን ለማሳየት አንድ ልምምድ አለ። የልጆቹን ስም ዝርዝር ለሁሉም አድሉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ልጁ የሚወደውን አንድ ነገር ይጻፉ፤ ስለ ትምህርት መሆን የለበትም። ከዚያ ወረቀቶቹን አነጻጽሩ። በሁሉም ወረቀት ላይ ባዶ የቀረ ስም ካለ፣ ያንን ልጅ በደንብ የሚያውቀው ሰው የለም ማለት ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ አንድ ሰው መድቡላቸው።

4. አፋቸውን አስፈቱ

ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ። አንዱ ልጅ ይሁን፣ አንዱ አስጠኚ፣ አንዱ ታዛቢ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ መቀያየር። ታዛቢው የሚቆጥረው ነገር አንድ ነው፦ አስጠኚው ስንት ጊዜ መከረ?

መጀመሪያ ሳቅ ይበዛል። ይሳቁ። ከዚያ የለመድነው ይወጣል፦ «አንቺ ምን ጎደለሽ? እናትሽ ሁለት ሥራ የምትሠራው ለማን ብላ ነው?» ሁላችንም የሰማነው ነው፤ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል። ልጅቷን ሆኖ የተቀመጠው ሰው ምን እንደተሰማው ይናገር። ያ ከስላይድ ይበልጣል።

አሁን ሌላውን ይሞክሩ።

«ሰሞኑን ብቻሽን ስትቀመጪ አየሁሽ። እንዴት ነሽ ብዬ ነው።»

«አይም ፋይን።»

«እሺ። ማውራት ግዴታ አይደለም። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።»

ከዚህ በኋላ ዝም። ለኛ ከባዱ ይሄ ነው። በልባቸው እስከ አሥር ይቁጠሩ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ። ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ይቀላል፤ ወረቀት እየቀደዱ፣ ወንበር እየደረደሩ ማውራትም ጥሩ ነው። ልጅቷ ስትጀምር መልስ አይስጡ። «ከዚያስ?» «ያ ከባድ ነው» በቂ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ፦ «ከዚህ ውስጥ ማን እንዲያውቅልሽ ትፈልጊያለሽ?»

ልምምዱን በእንግሊዝኛም ድገሙት። ብዙ ልጆች ቀልዱን በአማርኛ ይሰማሉ፣ የሆዳቸውን የሚያወጡት ግን በእንግሊዝኛ ነው።

5. ከባዱን ጥያቄ በግልጽ ይጠይቁ

ልጁ «ባልኖር ይሻላል»፣ «ሁሉም ነገር ሰልችቶኛል» ካለ ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልግም። «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቁ ሐሳቡን በልጁ ውስጥ አይፈጥርም፤ ጥናቶች ይህን ፍርሃት አልደገፉትም። እንዲያውም ብዙ ልጅ ጠያቂ በማግኘቱ ይቀለዋል። ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ሠራተኛ ድምፁን አውጥቶ ይበለው። አንድ ጊዜ ሳይሆን እስኪለምደው ድረስ። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» የሚል ግን የሚፈልገውን መልስ አብሮ ሰጥቷል።

መልሱ «አዎ» ከሆነ ልጁ ለደቂቃም ብቻውን አይሆንም። ሌላ ሠራተኛ አስተባባሪውን ይጥራ፤ 988 ይደወል። ክኒን ወስዶ ከሆነ፣ በእጁ የሚጎዳበት ነገር ካለ ወይም አሁኑኑ ላደርገው ነው ካለ 911 ነው። ብቻውን በአውቶቡስ ወደ ቤት አይላክም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ መጥቶ ይረከበዋል። አደጋው ከቤት የሚመጣ ከመሰላችሁ ግን ወላጅ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ለሕፃናት ጥበቃ ደውሉና ምን እናድርግ በሉ።

6. ለወላጅ እንዴት እንደሚነገር ለብቻው ይለማመዱ

በር ላይ፣ ሌሎች ወላጆች ቁልፍ እያንቀጨቀጩ ባሉበት አይሆንም። ልጁ ራሱ አስተርጓሚ አይሆንም፤ በፍጹም። የሃያ ዓመት ልጅ የሆነች አስጠኚም እናቷን የምታክል ሴት ፊት ብቻዋን አትቁም፤ በዕድሜ የሚመጣጠን ሰው አብሯት ይቀመጥ።

ከምስጋና ይጀመር፦ «እማማ፣ ልጅዎ ለታናናሾቿ በጣም ታስባለች። ሰሞኑን ግን ደክሟት እናያለን፣ ምግብም ትታለች። እርስዎስ ቤት ውስጥ ምን አይተዋል?» ከዚያ ማዳመጥ። ወላጅ ሁለት ነገር ይፈራል። አንደኛው ስም መውጣቱን፤ ሁለተኛው «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚለውን። ለሁለተኛው በሐቅ መልሱ፦ ካውንስለር ዘንድ መሄድ ልጅ ማስወሰድ አይደለም። ግን መቼ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባችሁም አትደብቁ። «ጠበል እወስዳታለሁ» ካሉ ክርክር አያስፈልግም። «ጠበሉም ይቀጥል፣ ካውንስለሯም ትያት» ይባላል።

ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ ይቆለፍበት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው የሕመም ማስታገሻ ታይሌኖልም ጭምር፤ ሲበዛ ጉበትን ያጠፋል። የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፣ ካልሆነም ይቆለፍ።

7. በአንድ ቀን አይለቅ

ቢቻል ሠራተኞቹን ለወጣቶች የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ላኩ። ከ12 እስከ 18 ዓመት ካሉ ልጆች ጋር ለሚሠሩ ትልልቅ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው ኮርስ በ2000 አውስትራሊያ ተጀምሮ በ2008 ወደ አሜሪካ መጣ። በነፃ የሚሰጡ ካውንቲዎች ስላሉ መጀመሪያ ካውንቲያችሁን ጠይቁ።

እናንተ ጋ ደግሞ በየወሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ አንድ ሁኔታ፣ አንድ ልምምድ። በዓመቱ መሃል የሚገቡ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞችም ወረቀቷን ሳያነቡና ከባዱን ጥያቄ ሳይለማመዱ ልጆች ጋ አይግቡ።

ከባድ ነገር የሰማ አስጠኚ በዚያው ቀን ማታ ይደወልለት። ልጁ ምን እንደሆነ ዝርዝሩን መንገር ባይቻልም «ደርሷል፣ ሰው ይዞታል» ማለት ይቻላል። ይህ ካልተባለ ሌሊቱን ሲያስብ ያድራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ላለማየት ፊቱን ያዞራል።

ወረቀቷን በሴፕቴምበር ብቻ ሳይሆን ከገና ዕረፍት መልስም አድሷት። ካውንስለር ይቀየራል፣ ስልክም ይቀየራል። በተጻፈው ቁጥር ሁሉ አንድ ጊዜ ደውላችሁ ማን እንደሚያነሳ አረጋግጡ፤ 911 እና 988 ብቻ ይቅሩ።