ኤም ኤስ ላለባችሁ፦ ሙቀት ዓይን ሲያደበዝዝ ምን ይደረጋል?

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ ካለባችሁና ስፖርት ስትሠሩ ወይም ሙቅ ሻወር ስትወስዱ ዓይናችሁ ብዥ የሚል ከሆነ ቶሎ አትደንግጡ። ነገሩ የታወቀ ነው፣ ስምም አለው፤ የኡትሆፍ ክስተት ይባላል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ በ1890 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው ጥፋቱን ለእንቅስቃሴው ነበር የሰጠው፤ ዋናው ተጠያቂ የሰውነት ሙቀት መሆኑ የታወቀው ኋላ ላይ ነው። እንዲያውም የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤም አር አይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ታማሚውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ መባባሱን ያዩ ነበር። እናንተ እንዳትሞክሩት።

ምን ሆኖ ነው? ኤም ኤስ ማይሊን የተባለውን የነርቭ ሽፋን ይጎዳል። ሽፋኑ የሳሳ ነርቭ መልእክት የሚያደርሰው በጭንቅ ነው። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ሶዲየም የሚያስገቡት የነርቭ በሮች ቶሎ ይዘጋሉ፣ የሚፈጠረው ኃይል ያንሳል፣ መልእክቱም መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ጭማሪ ይበቃል። ሲበርድ ነርቩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ አዲስ ጉዳት አልደረሰም ማለት ነው።

እሺ፣ ብዥታው ሲመጣ መጀመሪያ ሥራችሁን አቁሙና ተቀመጡ። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ዳር ያዙ፤ «ትንሽ ነው የቀረኝ» አያዋጣም።

ከዚያ አንዱን ዓይን ሸፍኑ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ይቺ ቀላል ሙከራ ብዙ ትናገራለች። በአንዱ ዓይን ብቻ ስታዩም ብዥታው ካለ ችግሩ ምናልባት የዚያ ዓይን ነርቭ ላይ ነው። ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ እየታያችሁ አንዱን ስትሸፍኑ (የትኛውንም) አንድ ከሆነ ግን ዓይኖቻችሁ አብረው እየሄዱ አይደለም። ሁለቱን ዓይን የሚያስተባብረው የነርቭ መስመር የሚያልፈው በአንጎል ግንድ ውስጥ ነው። እሱ ሲጎዳ ወደ ጎን ስትዞሩ ወደ አፍንጫ መምጣት ያለበት ዓይን ይዘገያል፣ ሌላው ቀድሞት ይሄዳል። ሙቀት ይህን መዘግየት ያባብሰዋል፣ ማቀዝቀዝ ያሻሽለዋል።

ቀጥሎ ሰዓት አይታችሁ ሰውነታችሁን አብርዱ። ጥላ፣ ማራገቢያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት፣ አንገት ላይ እርጥብ ጨርቅ። በረዶ ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጉ፤ ኤም ኤስ የሚያደነዝዘው ቦታ ካለ ሲያቃጥላችሁ ላይታወቃችሁ ይችላል።

ሳትንቀሳቀሱና ሳይሞቃችሁ ከመጣ ሙቀታችሁን ለኩ። ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ፈልጉ፣ በተለይ የሽንት ቱቦን። የትኩሳት ማስታገሻ ዓይኑን ሊያጠራላችሁ ይችላል፣ ኢንፌክሽኑን ግን አያክምም።

የሙቀት ብዥታ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። 24 ሰዓት ካለፈ በሽታው እንደ አዲስ አገርሽቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓይናችሁን ስታንቀሳቅሱ የሚያም ከሆነ ወይም ቀይ ቀለም በአንድ ዓይን የፈዘዘ ከሆነ ግን 24 ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም፣ በዚያው ቀን ታዩ። ሁሉንም «ሙቀት ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

ለወደፊቱስ? «ስፖርት ተዉ» የሚለውን ምክር እኔ አልወደውም። እንቅስቃሴ ለኤም ኤስ ይጠቅማል፣ ዘዴ ነው የሚፈልገው። የሰውነት ሙቀት ጠዋት ዝቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ ከፍ ስለሚል ጠዋት ሥሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ቀዝቀዝ በሉ፣ በመሃል እያረፋችሁ ቀዝቃዛ ጠጡ። ሲበዛባችሁ የማቀዝቀዣ ሰደርያ አለ። ሻወሩን ለብ ባለ ውሃ አድርጉት። ለሽንት ፊኛ ችግር የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ላብ ስለሚቀንሱ ሙቀቱን ሊያባብሱት ይችላሉ፤ በራሳችሁ አታቁሟቸው፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ።