አባታችሁ ቡአ ኖሮት ሽንቱም ካስቸገረው፣ ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት

ባህር ዳርና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይ አጎታችሁ የብሽሽት ቡአ ኖሮት ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ከያዘ ይሄን አንብቡልኝ። በቡአ ወደ ታች የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ አንጀት ወይ የሆድ ስብ ነው፣ አንዳንዴ ግን የሽንት ፊኛው ራሱ ሾልኮ ይገባል፣ እስከ ፍሬው ከረጢት የሚወርድበትም ሰው አለ። ከ100 የብሽሽት ቡአ ከ1 እስከ 4 በሚሆነው ላይ ፊኛ ይገኛል፣ ከ50 አመት በላይ ወንዶች ላይ ደግሞ ይበዛል፣ ፕሮስቴት (ከፊኛው ስር ያለው የወንዶች እጢ) ሲያብጥ እያማጡ ስለሚሸኑ ፊኛው በዛ ግፊት ተለጥጦ በላላው የብሽሽት ግድግዳ በኩል ይወጣል።

ይሄ ቀድሞ ካልታወቀ ኦፕራሲዮን ላይ ፊኛው የቡአው ከረጢት መስሎ ሊቆረጥ ይችላል፣ እና አብዛኛው ሰው ላይ የሚታወቀው እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው!

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁት። ሲሸና እብጠቱ ይቀንሳል? ሸንቶ ከጨረሰ በኋላ እብጠቱን በእጁ ሲጫነው ሽንት እንደገና ይመጣል? ሁለተኛው ትልቅ ምልክት ነው። አባቶቻችን ይሄን ለሴት ልጅ አይናገሩም፣ "አባዬ ሽንት እንዴት ነው" ብትሉት "ደህና ነኝ" ብሎ ይዘጋዋል፣ ወንድማችሁ ወይ እኩያ ጓደኛው ለብቻው ይጠይቀው።

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሂዱ ጥበበ ግዮን፣ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ "ቡአ አለው" ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፣ የሽንቱንም ነገር እዛው ተናገሩ። አልትራሳውንድ ከታዘዘ ፊኛው ሞልቶ እያለ ከዛ ደግሞ ሸንቶ ሲመጣ ቢታይ ልዩነቱ ይለያል፣ ሲቲ ስካን የበለጠ ያሳያል። ፕሮስቴቱና ኩላሊቱም ይታይ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ኩላሊት የተተከለለት ከሆነ አትደብቁ፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቀጭኑ ቱቦ ቡአ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ ብርቅ ነው ግን ከተቆረጠ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ቀድሞ ከታወቀ ስራው ብዙም አያስፈራም፣ ፊኛው ወደ ቦታው ይመለስና የላላው ግድግዳ በሜሽ (መረብ በሚመስል ማጠናከሪያ) ይጠገናል፣ የሞተ ስጋ ወይ ፊኛው ላይ የበቀለ እጢ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ፊኛ አይቆረጥም። ቢነካ እንኳን እዛው ይሰፋል፣ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) ግን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ደበረኝ ብሎ በራሱ እንዳያወጣው ተጠንቀቁ። ፕሮስቴቱ ካልታከመ ማማጡ ይቀጥላል ቡአውም ሊመለስ ይችላል፣ የትኛው ይቅደም ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ወጌሻ ጋር ወስዳችሁ በፍጹም አታሳሹት። እብጠቱ ድንገት ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመው፣ ካስመለሰው ወይ ሽንት እምቢ ካለው ቀጠሮውን ተዉትና ወዲያው ድንገተኛ ክፍል፣ ዘጌ ያላችሁም ጠዋት በጀልባ እናሻግረዋለን አትበሉ፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ በመንገዱ አምጡት።