በረዶ ላይ በጎ ፈቃደኛ ለምትሆኑ

የወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ ላይ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ያሰባችሁ ካላችሁ (ቀጣዩ በ2028 እ.ኤ.አ ጣሊያን ነው) ስለ ቋንቋ ምናምን ከመጨነቃችሁ በፊት እግራችሁን አስቡበት። ተወዳዳሪው ይንቀሳቀሳል ይሞቀዋል፣ እናንተ ግን በር ላይ ባጅ እያያችሁ ለሰዓታት ልትቆሙ ትችላላችሁ፣ ብርዱ ደግሞ ከታች ነው የሚገባው። የጥጥ ካልሲ እንዳታደርጉ፣ ላብ ይይዝና ቶሎ አይደርቅም፣ ሱፍ ይሻላል። ሁለት ካልሲ ደርቤ ጠባብ ጫማ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ ማለትም አያዋጣም፣ ደም በደንብ አይዘዋወርም የባሰ ይበርዳችኋል፣ ጣታችሁን የምታንቀሳቅሱበት ቦታ ይኑር። ስልክ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ ጋ፣ ብርድ ላይ ባትሪ አለው ስትሉት ድርግም ሊል ይችላል። እና ደግሞ ካርቶን ካገኛችሁ ከእግራችሁ ስር አንጥፉ፣ ያስቃል ግን ይሰራል።