የጂማት አስጠኚ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ ጎበዝ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ራሴን ስነቀንቅ ከረምኩ። ጥያቄውን ያነባል፣ እስክሪብቶውን ያነሣል፣ ሦስት መስመር ይጽፋል፣ መልሱ ዱብ ይላል። እኔም «አሃ፣ ገባኝ» እላለሁ። እውነትም ገብቶኝ ነበር። ከዚያ የልምምድ ፈተና ወሰድኩ፤ ውጤቴ ከመጀመሪያው ቀን በ10 ነጥብ በለጠ። በጂማት፣ ማለትም በቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው፣ 10 ነጥብ ማለት ከአንዱ ውጤት ወደ ቀጣዩ ያለችው ትንሿ እርከን ናት፤ ደህና እንቅልፍ ተኝቶ ለመጣ ሰውም ትገኛለች።

ሰውዬው ፈተናውን አሳምሮ ያውቀዋል፣ ዛሬም አልጠራጠርም። ጥፋቱ እኔ ባመራረጤና ባጠናኔ ላይ ነበር። ኋላ ራሴም ማስጠናት ስጀምር፣ የሚመጡት ተማሪዎች እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች በየተራ ሲደግሙ አየሁ። ይህን ፈተና ሊወስዱ አስጠኚ እየፈለጉ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

ፈተናውን ሳይመርጡ አስጠኚ መምረጥ

ብዙዎቹ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ጂማትንም፣ ጂ አር ኢ የሚባለውን ሌላ የመግቢያ ፈተናም ይቀበላሉ። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ፈተና አይደሉም። የጂ አር ኢ የቋንቋ ክፍል የቃላት እውቀት አጥብቆ ይፈልጋል፣ ሒሳቡ ውስጥ ጂኦሜትሪ አለ፣ በስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር ይፈቀዳል፣ የሚጻፍ ድርሰትም አለው። ጂማት ድርሰት የለውም፤ ሒሳቡ ያለ ካልኩሌተር ነው፤ የቋንቋ ክፍሉም ከቃላት ይልቅ የክርክር አካሄድን ይመዝናል። አንዱን በደንብ የሚያስጠና ሰው ሌላውን በደንብ ያስጠናል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ለመወሰን ለማንም መክፈል አያስፈልግም። የሁለቱም ፈተናዎች ባለቤቶች ሁለት ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በነጻ ይሰጣሉ። ከየአንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ ሰዓት ይዘው ይውሰዱ። የትኛው እንደሚስማማዎት ከውጤቱ ያያሉ፤ አስጠኚ ጋ ሲሄዱም በየክፍሉ የተለየ ውጤት ይዘው ይሄዳሉ። እንዲያውም ያንን ውጤት ሳይጠይቅ የትምህርት መርሐ ግብር የሚያወጣልዎት ሰው፣ ሕመምተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

የድሮውን ፈተና በሚያስጠና ሰው እጅ መውደቅ

ጂማት በኅዳር 2023 (በፈረንጆቹ) ተለውጧል። የቀድሞው ፈተና የተዘጋው ጥር 31 ቀን 2024 ነው። አሁን ያለው ሦስት ክፍል ነው፤ ኳንት (ሒሳብ) 21 ጥያቄ፣ ቨርባል (ቋንቋ) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ መተንተን) 20። ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይሰጣል፤ በድምሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ድርሰቱ ቀርቷል፣ ጂኦሜትሪ ቀርቷል፣ ዓረፍተ ነገር የማረም ጥያቄም ቀርቷል። ሦስቱ ክፍሎች ለጠቅላላ ውጤቱ እኩል ይቆጠራሉ። ስለዚህ «ኳንትና ቨርባል ላይ እናተኩር፣ ሌላው በራሱ ይመጣል» የሚል አስጠኚ ሲሶውን ውጤት ሜዳ ላይ እየጣለው ነው።

ፈተናው ቢለወጥም የድሮው ማስተማሪያ አልተጣለም። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ፣ አስጠኚውም ለዓመታት የለመደውን መተው ይከብደዋል። ለመለየት እኔ አንዲት ዘዴ አለችኝ፤ ትንሽ ተንኮል አለባት፣ ግን ትሠራለች። በመጀመሪያው ስልክ ላይ «ዓረፍተ ነገር ማረሙ ላይ ስንት ሳምንት እንፈጃለን?» ብዬ እጠይቃለሁ። «እሱ እኮ ቀርቷል» ያለኝ አለፈ። «ሦስት ሳምንት ይበቃናል» ያለኝን አመስግኜ ስልኩን እዘጋለሁ።

ሌላው ምልክት ውጤቱ ራሱ ነው። የድሮው ከ200 እስከ 800 ነበር፣ መጨረሻውም ሁሌ ዜሮ። የአሁኑ ከ205 እስከ 805 ነው፣ መጨረሻውም ሁሌ አምስት። «ተማሪዬ 740 አምጥቷል» ሲባሉ ያ ተማሪ የወሰደው የድሮውን ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሆኖም በአዲሱ ላይ ያስጠናውንም ይጠይቁ። ሁለቱን ቁጥሮች ደግሞ እንዳያምታቱ፦ ከተፈታኞች መካከል በሚይዘው ደረጃ ሲታይ የአሁኑ 645 ከድሮው 700 ጋር ይቀራረባል። ይህን የማያውቅ አስጠኚ 645 ይዘው ሲመጡ «ገና ነን» ብሎ ያለ አግባብ ሊያስደነግጥዎትና ተጨማሪ ሰዓት ሊሸጥልዎት ይችላል።

አስጠኚው ባመጣው ውጤት መማረክ፣ እስክሪብቶውንም ለእሱ መተው

እነዚህን ሁለቱን ለይቼ ልጽፋቸው አስቤ ነበር፤ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚወልድ አብረው ይሂዱ። ባለ ከፍተኛ ውጤቱን ሰው ስናገኝ ሲሠራ ማየት እንፈልጋለን፤ እሱም ሲታይ ይሠራል፤ ሰዓቱ ያልቃል።

አንድ ጥያቄ እንይ። በጂማት «መረጃው ይበቃል ወይ?» የሚባለው ዓይነት ነው። አንድ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አንደኛ መረጃ፦ ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ 16 ይሆናል። ሁለተኛ መረጃ፦ ቁጥሩ ከዜሮ ያንሳል። የሚጠየቁት ቁጥሩን እንዲያገኙ አይደለም፤ አንደኛው ብቻውን ይበቃል ወይ፣ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል ወይ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚበቁት፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይበቃሉ ወይስ ተደምረውም አይበቁም የሚለውን ነው።

ተማሪው አንደኛውን ያያል፣ «4» ይላል፣ «ብቻውን ይበቃል» የሚለውን ይመርጣል። ተሳስቷል፤ ነጌቲቭ 4ም በራሱ ሲባዛ 16 ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ መረጃዎች አንድ ላይ ያስፈልጋሉ። አሁን ሁለት አስጠኚዎችን ያስቡ። አንደኛው «ነጌቲቩን ረሳኸው፣ እሺ ቀጣዩ» ይላል። ትክክል ነው፣ ግን ተማሪው ያተረፈው የአንዲት ጥያቄ መልስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይል ይቆይና «4 ካልክ በኋላ ምን አደረግክ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ያስባል። «አቆምኩ» ይላል። «ለምን?» «መልስ ስላገኘሁ።» በሽታው ተገኘ፤ ይህ ልጅ መልስ ሲያገኝ ያቆማል፣ ሌላ መልስ መኖሩን አይፈትሽም። ይኸው ልማድ ሌሎች ሃያ ጥያቄዎች ላይ፣ ቨርባሉ ላይ ሳይቀር፣ ያስጥለዋል።

ሁለተኛው አስጠኚ ከአንደኛው ያነሰ ውጤት ሊኖረው ይችላል። እንዲያውም ፈተናው ገና ሲያየው የቀለለው ሰው፣ እርስዎ የሚሰናከሉበትን ድንጋይ አይቶት አያውቅም። ለአስጠኚው ዝቅተኛ ውጤት ይበቃል ማለቴ አይደለም፤ ፈተናውን ወስዶ ጥሩ ማምጣት አለበት። ከዚያ በላይ ያለው 30 ነጥብ ግን የእርስዎን ውጤት አያሳድገውም።

ስለዚህ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ይጠይቁና አንድ ነገር ብቻ ይቁጠሩ፤ እስክሪብቶው በማን እጅ ነበር? ከአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ደቂቃ ያህል በእሱ እጅ ከነበረ ትርኢት አይተው መጡ። በኢንተርኔት ከሆነም ያው ነው፤ ስክሪኑን የሚያጋራውና የሚጽፈው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። አስጠኚው ኳንት ላይ ካልኩሌተር አንሥቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ መቁጠር አያስፈልግም።

የውጤት ዋስትናና «ከፈተናው የወጡ» ጥያቄዎች

«100 ነጥብ አስጨምራለሁ፣ ካልሆነ ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚለውን ውል እስከ ታች ያንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ «ሁሉንም የቤት ሥራ ከሠሩ» የሚል ይኖራል፤ ሠርተዋል አልሠሩም የሚለውን የሚወስነውም እሱ ነው።

ሰሞኑን ከፈተናው የወጡ ጥያቄዎች አሉኝ የሚል ካጋጠመዎት ግን ይሽሹ። በፈረንጆቹ 2008 የጂማት ባለቤቶች በሥራ ላይ ያሉ ጥያቄዎችን ሲያሰራጭ የነበረ ድረ ገጽን በፍርድ ቤት አሸንፈው አዘጉት፤ በዚያው ሰበብ የ84 ተፈታኞች ውጤት ተሰረዘ። ገንዘብ ያጣው ሻጩ ነው፣ የትምህርት ቤት ዕድሉን ያጣው ግን ገዢው።

«ዋናው የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥያቄዎች ናቸው፣ እዚያ ጊዜ ውሰድ» የሚለውም ከዚሁ ጎራ ነው። ፈተናው እንደ መልስዎ ጥያቄውን እያከበደና እያቀለለ መሄዱ እውነት ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ጊዜ አልቆ ያልተመለሱ ጥያቄዎች ከቀሩ ውጤትዎ ይጎዳል። ኳንት ላይ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ የሚደርሰው 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ግድም ነው። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ተመልሰው እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይችላሉ፤ ለዚህ የሚሆን ጊዜ እንዴት እንደሚተርፍ የሚያለማምድዎትን ይፈልጉ።

በጥቅል መግዛት

አርባ ሰዓት በቅናሽ። አይግዙ። መጀመሪያ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይሞክሩ፤ ጥሩ ከሆነ ያለ ቅናሹ መቀጠል፣ መጥፎ ከሆነ በቅናሽ ከመታሰር ይሻላል።

በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለውን ቀን ማባከን

አስጠኚው በሳምንት የሚያገኝዎት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። ለውጥ የሚመጣው በተቀሩት ቀናት ነው፤ አስጠኚውም የሚሠራበት ነገር የሚያገኘው ከዚያ ነው። የስህተት ደብተር ይያዙ። «አልጀብራ ላይ ደካማ ነኝ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። የአንዲት ተማሪዬን አንድ መስመር ላሳይዎት፦ «ጥያቄ 14። የመረጥኩት ሐ፣ ትክክሉ ሀ። የፈጀሁት 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ‹ቢያንስ› የሚለውን ቃል ዘለልኩት። 2 ደቂቃ ላይ መተው ነበረብኝ፣ እልህ ያዘኝ።» ይህን ይዛ ስትመጣ ምን እንደምንሠራ ማሰብ አያስፈልገኝም፤ እልሁ ላይ እንሠራለን። አስጠኚዎ ደብተሩን ጠይቆዎት የማያውቅ ከሆነ እርስዎ ያውጡትና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።

ዋናዎቹን የልምምድ ፈተናዎችም ይቆጥቡ። የፈተናው ባለቤቶች ያዘጋጁት ስድስት ብቻ ነው፣ ሁለቱ በነጻ፣ አራቱ በክፍያ። ደግሞ ደጋግሞ መውሰድ ቢቻልም ያዩዋቸው ጥያቄዎች ተመልሰው ስለሚመጡ ውጤቱ ያሞኛል። አስጠኚው ከእነሱ ጥያቄ እየመዘዘ እንደ ቤት ሥራ ሲሰጥዎት ዝም አይበሉ፤ ሚዛንዎን እየሰበረው ነው።

ማመልከቻው ሲደርስ መጀመር

ጂማትን በድጋሚ ለመውሰድ ቢያንስ 16 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ በ12 ወር ውስጥም ከአምስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጣ ተማሪ ሁለተኛ ዕድል የለውም ማለት ይቻላል፤ ያ ጭንቀት ብቻውን ነጥብ ይበላል። በተቃራኒው ውጤቱ ለአምስት ዓመት ስለሚያገለግል፣ ከማመልከቻው አንድ ዓመት ቀድሞ ተፈትኖ መገላገልን የሚከለክል የለም።

አስጠኚው የማመልከቻ ጽሑፍዎንም «እኔ እጽፍልዎታለሁ» ካለ፣ አይሆንም ይበሉ። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት።

ይሉኝታ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ጓደኛ ነው ያገናኘን፤ እንዴት «አልገባኝም» ልበለው? እንዴት ልተወው? እያልን ወር እንጨርሳለን። ከመጀመሪያው ቀን «ከአራት ክፍለ ጊዜ በኋላ ተቀምጠን እንነጋገር፣ ካልተመቸን በሰላም እንለያይ» ቢባል ማንም አይከፋም።

እኔ ይህን አላልኩም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት፣ ያችን የ10 ነጥብ ውጤት ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው እኩያዬ ነው፤ እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን ሊያነሣ ሲል ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩና «ዛሬ እኔ ልሥራ፣ አንተ እየኝ» አልኩት። ትንሽ ደንገጥ አለ፣ ከዚያ ወንበሩን አስጠጋ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠራሁ፣ ምንም አላለም። ሁለተኛው ላይ ገና ግማሽ ሳልደርስ እጁን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«ቆይ» አለኝ፤ «ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው እንዴ ሁልጊዜ መጻፍ የምትጀምረው?»