ሽሎች ሦስተኛው ቀን ላይ ሲዘገዩ፦ ለጎጃም ደጋ ላቦራቶሪ ችግርና መፍትሄ

ከቡሬ የመጣች አንዲት እህት በየማለዳው እየደወለች «ልጆቼ እንዴት አደሩ?» ትለኝ ነበር። ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ የተፀነሱ አምስት ሽሎች ነበሯት። ሦስተኛው ቀን ላይ ስምንት ሴል ይሆናሉ ብዬ የጠበቅኋቸው አራትና አምስት ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «አድረዋል እህቴ፣ ግን ደክመዋል» አልኳት። ከስልኩ ወዲያ ዝም አለች። ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሽል የሚያሳድር ባለሙያ ያን ዝምታ እንዳይሰማ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የአንዷ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም የሚለው ነው። የአንዷ ብቻ ከሆነ ላቦራቶሪውን ከማገላበጣችሁ በፊት የሴትየዋን ዕድሜ፣ የእንቁላሉን ጥራትና የባልየውን የዘር ፈሳሽ ምርመራ መልሳችሁ እዩ። በአንድ ሳምንት የገቡ የሦስት አራት ባልና ሚስት ሽሎች አብረው ከዘገዩ ግን ጥፋቱን በእነሱ አታላክኩ። ቤታችሁን ፈትሹ።

ምልክት፦ ሁሉም ዘግይቷል፣ ማሳያው ግን ደህና ነው

ሽሎቹ የሚያድሩበት የሙቀት ሳጥን፣ የኢንኩቤተሩ፣ ማሳያ 37.0 ዲግሪ ይላል፤ ሲሊንደሩ ላይ 6 በመቶ ካርቦንዳይኦክሳይድ ተጽፏል፤ ማንቂያው አልጮኸም። እኛን ያታለለን ይህ ነው።

መንስኤው ከፍታችን ነው። ሚዲያው (ሽሉ የሚያድግበት ፈሳሽ) ውስጥ የሚሟሟውን ጋዝ የሚወስነው መቶኛው ሳይሆን ጋዙ የሚያሳድረው ግፊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወደ 615 ይወርዳል፤ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ወደ 570 ይጠጋል። ከዚያ ላይ የውሃ ተን 47ቱን ይወስዳል። ከቀረው 6 በመቶው ባሕር ጠለል ላይ 43፣ ባሕር ዳር 34፣ ማርቆስ 31 ገደማ ነው። ጋዙ ሲያንስ የሚዲያውን ባይካርቦኔት የሚያመዛዝነው አሲድ ያንስና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲድ ሲያንስ ከፍ ይላል) ይወጣል፤ ባሕር ዳር ላይ 0.1 ያህል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለአብዛኛው ሚዲያ የሚፈቀደው ከ7.2 እስከ 7.4 ነው። እኛ ስንለካው 7.46 ሆኖ አገኘነው። ሽሉ ለመከፈል የሚያስፈልገውን ጉልበት የገዛ ፒኤቹን ለማስተካከል ሲያወጣ ይውላል።

መፍትሄው መለካት ነው። ሽሎቹ በሚያድሩበት ዓይነት ዲሽ (ትንሽ ክዳን ያለው ሳህን)፣ በዚያው ሚዲያ፣ በዘይት ሸፍናችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩ። ጠዋት የፒኤች መለኪያውን በ37 ዲግሪ አስተካክሉና ዲሹን እንዳወጣችሁ ወዲያው አንብቡ፤ ውጭ በቆየ ቁጥር ጋዙ ስለሚወጣ ቁጥሩ ይዋሻል። ፒኤቹ ከፍ ካለ ካርቦንዳይኦክሳይዱን በ0.3 ወይም በ0.5 በመቶ ጨምሩ፣ አሳድሩ፣ እንደገና ለኩ። በስሌት ባሕር ዳር 7.5፣ ማርቆስ 8.2 በመቶ አካባቢ ይመጣል፤ ስሌቱና ልኬቱ ከተጣሉ ልኬቱን እመኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጋዝ ራሱ የሚቀላቅል ኢንኩቤተር ካላችሁ ሴንሰሩ ለከፍታ ታርሞ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ያልታረመ ኢንፍራሬድ (ጋዙን በማይታይ ብርሃን የሚለካ) ሴንሰር የሚቆጥረው የጋዙን ሞለኪውል ስለሆነ፣ እሱ 6.0 ያለው ቀድሞውኑ የባሕር ጠለሉን ያህል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን 7.5 ላይ ብታደርጉት ሚዲያው አሲድ ይሆናል። እንደ እኛ ተቀላቅሎ በሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ከሆነ ደግሞ መቶኛውን እናንተ መለወጥ አትችሉም፤ ለሻጩ የከተማችሁን ከፍታ ነግራችሁ በልኩ አስቀላቅሉ። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ምልክት፦ ፒኤቹ ልክ ነው፣ ሽሉ ግን ይፈረፈራል

ሚዲያው መንገድ ላይ ሞቆ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ነው ደጀን የሚወጣው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት ዕቃ እዚያ ከሞቀ ሚዲያው ውስጥ ያለው ግሉታሚን የሚባል አሚኖ አሲድ እየፈረሰ አሞኒያ ያወጣል። ሳጥኑ ውስጥ የሙቀት መዝጋቢ አስገቡ፤ ከልኩ ያለፈውን፣ ውድ ነው ብላችሁ ሳትሳሱ፣ አትጠቀሙበት። የበረዶው ጥቅልና ጠርሙሱ መካከል ካርቶን ይግባ፤ ረግቶ በረዶ የሆነ ሚዲያም አይረባም።

ሌላው መንስኤ ሽታ ነው። የግድግዳ ቀለም፣ ሽቶ፣ የጀነሬተር ጭስ፣ ዕጣን። ጭሱ አየር ውስጥ የሚለቃቸው ነገሮች ዘይቱ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። በአጠገባችሁ ባለ ክፍል ቡና የሚፈላ ከሆነ ዕጣኑን እንዲተዉት በአክብሮት ለምኑ፤ ምክንያቱን ሲሰሙ እንቢ ያለን ሰው የለም። የአየሩን የካርቦን ማጣሪያም በጊዜው ቀይሩ።

ምልክት፦ ጠብታው አንሷል

በሚሞቅ ጠረጴዛ ላይ የተዘጋጀ፣ ሽሉ የሚቀመጥበት የሚዲያ ጠብታ ይተናል፤ ሲተን ጨዉ ይበረታል። ዲሹን በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት በጥቂት አዘጋጁ፣ ጠብታውን እንዳኖራችሁ ዘይቱን አፍስሱ።

ምልክት፦ መብራት ከጠፋበት ሌሊት በኋላ ሽሉ ማደግ አቁሟል

ኢንኩቤተሩ በባትሪ መጠበቂያ ላይ ይሁን፤ ጀነሬተሩ እስኪነሳ በሩን አትክፈቱ። መብራት ሲመለስ ከማሳያው ይልቅ ዲሽ ውስጥ በገባ ቴርሞሜትር 37 መድረሱን እዩ፣ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት መዝግቡ፣ ጠዋት ለሚደውለውም ቤተሰብ እንዳለ ንገሩ።