የኤፍኤስኤ ካርድ፣ የድሬ ሻንጣ

የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 ነው፤ በአብዛኛው ዓመት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል። ብዙ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛው የሚከፍቱት የሕክምና ገንዘብ ሂሳብ፣ ኤፍኤስኤ፣ ዓመቱ የሚዘጋው ደግሞ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው፣ ዲሴምበር 31። ስለዚህ ለንግሥ ከአሜሪካ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ሻንጣ የሚሞላውም፣ ካርዱ ላይ የቀረው ገንዘብ ሊቃጠል ነው ብሎ የሚጨነቀውም በአንድ ሰሞን ነው። ቀላሉ መፍትሔ በካርዱ አምስት ጠርሙስ ታይለኖል፣ ሦስት አድቪል የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ገዝቶ ግማሹን ለእናት፣ ግማሹን ለጎረቤት ማደል ይመስላል። ግን አይፈቀድም።

ኤፍኤስኤ በአሠሪ በኩል የሚከፈት፣ ከደመወዝ ላይ ታክስ ሳይነካው ለሕክምና የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። በፈረንጆቹ የ2026 ጣሪያው 3,400 ዶላር ነው። ለዓመቱ የመደባችሁት ገንዘብ ከደመወዛችሁ ተቆርጦ ባያልቅም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉውን ማውጣት ትችላላችሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት በፈረንጆቹ ከ2011 እስከ 2019 በዚህ ገንዘብ ለመግዛት ማዘዣ ይጠየቅበት ነበር፤ በ2020 የወጣው ሕግ ይህን አስቀረ። አሁን የራስ ምታት፣ የአለርጂ፣ የቃር፣ የጉንፋን መድኃኒት በቀጥታ ይገዛል። የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያም እንዲሁ። ለአጠቃላይ ጤና ተብሎ የሚወሰድ ቫይታሚንና የጥርስ ሳሙና ግን አይገቡም።

ዋናው ጥያቄ ማን ይጠቀምበታል የሚለው ነው። ባለሂሳቡ፣ የትዳር ጓደኛው፣ 26 ዓመት እስከሚሞላቸው ዓመት መጨረሻ ድረስ ልጆቹ፣ እና በታክስ ሕጉ ጥገኛ የሚባሉ ሰዎች። በየወሩ ገንዘብ የምትልኩላት እናት በእኛ ወግ ጥገኛችሁ ናት። የታክስ ሕጉ ግን የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነች፣ ወይም አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ካልኖረች ጥገኛ አይላትም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የተቀመጠች እናት በዚህ መስፈርት አታልፍም። የእሷን መድኃኒት በተለመደው የባንክ ካርድ ግዙ።

ገንዘቡ ይቃጠላል ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት የመሥሪያ ቤታችሁን ደንብ እዩ። አንዳንዱ አሠሪ የተወሰነ ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግራል፤ ከ2026 ወደ 2027 የሚሻገረው ቢበዛ 680 ዶላር ነው። ሌላው እስከ ማርች 15 የመጠቀሚያ ጊዜ ይሰጣል። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት አይፈቀድም፤ አንዱንም የማይሰጥ አሠሪ አለ። የሚተርፍ ከሆነ ሃያ ጠርሙስ ከማከማቸት ለራሳችሁ መጠባበቂያ መነጽር ማሠራት ይሻላል፤ ብዙ ጠርሙስ በአንድ ቀን ሲገዛ የሂሳቡ አስተዳዳሪ ሊጠይቅ ይችላል፣ መጠየቁም አግባብ ነው።

ሱቅ ውስጥ ዕቃውን በሁለት ቅርጫት ለዩ፤ የራሳችሁን በኤፍኤስኤ ካርድ፣ የቤተሰቡን በሌላ ካርድ፣ ሁለት የተለያየ ደረሰኝ። ደረሰኙ የሱቁን ስም፣ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስምና ዋጋውን ማሳየት አለበት። ጠቅላላ ድምር ብቻ የያዘችው ትንሿ የካርድ ወረቀት ውድቅ ትደረጋለች።

ድሬ ደርሳችሁ ለራሳችሁ መድኃኒት ከገዛችሁ በብር ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። ኋላ ሂሳቡን ስትጠይቁ የእንግሊዝኛ ትርጉሙንና የዕለቱን የምንዛሪ ዋጋ አያይዙ። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። «15/5/2018» የሚለውን አሜሪካ ያለ ሠራተኛ አሥራ አምስተኛ ወር የለም ብሎ፣ አለዚያም የስምንት ዓመት አሮጌ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ጥር 15 ቀን 2018 ጃንዋሪ 23፣ 2026 መሆኑን ጎኑ ላይ ጻፉ።

ምን ይያዝ ለሚለው፣ ድሬዳዋ በፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈው የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የታየባት ከተማ ናት። ትኩሳት የጀመረው ሰው ዴንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አድቪል፣ አሊቭ፣ አስፕሪን ወይም ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ መውሰድ የለበትም፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። የሚወሰደው ፓራሲታሞል ነው። ታይለኖል ራሱ ፓራሲታሞል መሆኑን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ታይለኖል ውጦ በላዩ ከመጋላ ሰፈር የገዛውን ፓራሲታሞል ይደግማል። የጉንፋን መድኃኒቱ ዴይኩዊልም በአንድ ፍሬ 325 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አለበት። የአዋቂ የ24 ሰዓት ጣሪያ ከሁሉም ተደምሮ 4,000 ሚሊግራም ነው፤ ያለ ሐኪም ከ3,000 ባያልፍ ይመረጣል። ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል። ለተቅማጥ ኢሞዲየም ደም ወይም ትኩሳት ካለ አይወሰድም። በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት፣ ኦአርኤስ፣ ከሻንጣ አይጥፋ፤ በብዛት የሚሸጠው አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ በ24 ሰዓት ያልተጠጣው ይደፋል።

ሙቀቱን አትናቁት። አብዛኛው የአሜሪካ መድኃኒት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይቀመጥ የሚል ጽሑፍ አለው፤ የድሬ ቀትር ከዚህ ይበልጣል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር እንኳ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ፈሳሽ ያለባቸው ለስላሳ እንክብሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ጓል ይሆናሉ፤ ስለዚህ ደረቁን ኪኒን ምረጡ። ከማድ ቤትና ከመስኮት ርቆ፣ ቆርቆሮ ጣራ በማይነካው ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሐረር ለምትወጡ ቀዝቀዝ ስለሚል ጣጣው ይቀላል።

ለእናት የምትሰጡትን ከመስጠታችሁ በፊት የምትውጠውን የደም ግፊት መድኃኒት አይታችሁ ፋርማሲስት ጠይቁ። ኤናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለምትወስድ እናት ለጉልበት ሕመም በየቀኑ አድቪል መስጠት ግፊቷን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊቷንም ይጎዳል። ከዋናው ማሸጊያ አውጥታችሁ በፌስታል አታድሉ፤ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ማሸጊያው ላይ ነው ያለው።

የደረሰኝ ወረቀት በሙቀት ይጠቁራል ወይም ጽሑፉ ይጠፋል። የገዛችሁ ዕለት በስልክ ፎቶ አንሱት።